ሳይሰማ የተዘጋ ክስ

የአሜሪካ ሴኔት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 9 ቀን 2008 በ69 ድጋፍና በ28 ተቃውሞ ያጸደቀው የስለላ ሕግ ማሻሻያ ብዙ አንቀጾች ነበሩት፤ እኔን ግን ዛሬም ድረስ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ክፍሉ ነው። ይህ ክፍል ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 እስከ ጃንዋሪ 17 ቀን 2007 ባለው ጊዜ ውስጥ የደንበኞቻቸውን የስልክና የኢንተርኔት ግንኙነት ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ለመንግሥት አሳልፈው ሰጥተዋል ተብለው ለተከሰሱ የቴሌኮም ኩባንያዎች ወደኋላ ተመልሶ የሚሠራ ያለመከሰስ መብት ሰጠ። ጉዳዩን የሚያነሡ ብዙ ሰዎች ሀብታም ኩባንያዎች ከካሣ አመለጡ ብለው ይቆጫሉ። በእኔ እምነት ግን ገንዘቡ ዋናው ነገር አልነበረም። ዋናው ጉዳት ፕሬዚዳንቱ ያዘዘው ጠለፋ ሕጋዊ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ጥያቄ አንድ ነጻ ዳኛ መርምሮ እንዳይመልሰው መደረጉ ነው።

ነገሩ በ2001 የተጀመረም አይደለም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ፣ በ1945፣ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሦስት የቴሌግራም ኩባንያዎችን ማለትም ዌስተርን ዩኒየንን፣ አርሲኤ ግሎባልንና አይቲቲ ወርልድ ኮሚዩኒኬሽንስን ከአገር የሚወጡና ወደ አገር የሚገቡ ቴሌግራሞችን እንዲያሳዩት ጠየቀ። ኩባንያዎቹ በሕግ እንዳይጠየቁ ስለ ሰጉ ዋስትና ፈለጉ፤ በ1947 የመከላከያ ሚኒስትሩ ጄምስ ፎረስታል አስተዳደሩ ከጎናቸው እንደሚቆምና ክስ እንደማይደርስባቸው በቃል አረጋገጠላቸው። ሻምሮክ የሚል ምስጢራዊ ስም የተሰጠው ይህ ሥራ እስከ 1975 ቀጠለ፤ በኋለኞቹ ዓመታት የብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ በወር እስከ 150,000 የሚደርሱ መልእክቶችን እየመረጠ ይመረምር ነበር። ይህን ሁሉ ወደ አደባባይ ያወጣው በሴናተር ፍራንክ ቸርች የሚመራው የሴኔት አጣሪ ኮሚቴ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ ከ2008 ስድሳ ዓመት አስቀድሞም የኩባንያዎቹ ጥያቄ ያው «አትከሰሱም በሉን» የሚል ነበር። ልዩነቱ ፎረስታል የሰጣቸው ተስፋ የሕግ ኃይል ያልነበረው መሆኑ ብቻ ነው።

ኮንግረስ ከዚያ ተምሮ በ1978 የውጭ ስለላ ክትትል ሕግን አወጣ። ሕጉ በምስጢር የሚያስችል ልዩ ፍርድ ቤት ማቋቋሙ ይታወቃል፤ ስለ ኩባንያዎች የደነገገው ነገር ግን ብዙም አይወራለትም። ከዚያ ወዲህ በጸናው ሕግ አንድ የስልክ ኩባንያ መንግሥትን ሊተባበር የሚችለው ከሁለት ወረቀቶች አንዱ ሲቀርብለት ነው፤ ወይ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ወይም ደግሞ ማዘዣ እንደማያስፈልግና ሕጉ የሚጠይቀው ሁሉ እንደተሟላ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ወይም ሕጉ የጠቀሰው ሌላ ባለሥልጣን በጽሑፍ የሚሰጠው ማረጋገጫ። ከሁለቱ አንዱን ይዞ የተባበረ ኩባንያ አይከሰስም። በአንጻሩ ከሕግ ውጭ የተጠለፈ ሰው በውጭ ስለላ ክትትል ሕጉ መሠረት ቢያንስ 1,000 ዶላር ወይም በየቀኑ 100 ዶላር እየታሰበ ከሁለቱ የሚበልጠውን ካሣ የመጠየቅ መብት አለው። ሕግ አውጪዎቹ ይህን ያደረጉት አስበውበት ነው። ካዝናው ሁለት ቁልፍ እንዲኖረውና አንዱ ቁልፍ ከመንግሥት ውጭ ባለ ሰው እጅ እንዲሆን ፈለጉ። መንግሥት ሕጉን ልለፍ ቢል እንኳ ኩባንያው ለራሱ ሲል «ወረቀቱን አሳየኝ» ይላል።

ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በኋላ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በኦክቶበር 2001 ያጸደቀው ፕሮግራም ይህን ሥርዓት አልፎ ሄደ። ፈቃዱ በየ45 ቀኑ ገደማ ይታደስ ነበር፤ በእያንዳንዱ እድሳትም ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሕጋዊነቱን በፊርማው ያረጋግጣል። በማርች 2004 ግን የፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ ባለሙያዎች የፕሮግራሙ አንድ ክፍል የሕግ መሠረት የለውም ከሚል መደምደሚያ ላይ ደረሱ። በወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ጆን አሽክሮፍት በጠና ታሞ በዋሽንግተን ከተማ በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተኝቶ ስለ ነበር ሥልጣኑን ይዞ የሚሠራው ምክትሉ ጄምስ ኮሚ ነበር። ኮሚ በ2007 ለሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ እንደመሰከረው፣ ማርች 10 ማታ የዋይት ሀውሱ የሕግ አማካሪ አልቤርቶ ጎንዛሌዝና የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አንድሩ ካርድ በሽተኛውን ለማስፈረም ወደ ሆስፒታሉ እያመሩ መሆኑን ሲሰማ እሱ ቀድሟቸው ለመድረስ ደረጃውን በሩጫ ወጣ። አሽክሮፍት ከትራሱ ቀና ብሎ ተቃውሞውን በዝርዝር ከነገራቸው በኋላ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ እኔ ሳልሆን እሱ ነው በማለት ኮሚን አመለከታቸው። ሁለቱ ሰዎች ሳያስፈርሙ ወጡ። በማግስቱ ፕሮግራሙ በጎንዛሌዝ ፊርማ ታደሰ።

ይህን ታሪክ ብዙዎች የሚያስታውሱት በድራማው ነው፤ እኔ የምፈልገው ፊርማውን ነው። የሴኔቱ የስለላ ኮሚቴ በ2007 ባወጣው ሪፖርት ለኩባንያዎቹ የተላኩት ደብዳቤዎች ሁሉ ሥራው በፕሬዚዳንቱ የተፈቀደ እንደሆነ ይገልጹ እንደነበር ይናገራል። ሕጋዊነቱን በሚመለከት ግን ከአንዱ ደብዳቤ በቀር ሌሎቹ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን ጠቅሰዋል። ከስድሳ ቀን ላነሰ ጊዜ የጸናው ያ አንዱ ደብዳቤ ሥራው ሕጋዊ ነው ያለው የፕሬዚዳንቱ የሕግ አማካሪ እንደሆነ ይገልጻል። የፕሬዚዳንቱ የሕግ አማካሪ ግን ሕጉ ማረጋገጫ እንዲሰጡ ከፈቀደላቸው ባለሥልጣናት አንዱ አይደለም። ትልቅ የሕግ ክፍል ያለው ኩባንያ ይህን ደብዳቤ ሲቀበል የፈራሚው መለወጥ አልታየውም ማለት ይከብደኛል።

እምቢ ማለት ይቻል እንደነበረ የሚያሳይ ምሳሌም አለ። የኩዌስት ኩባንያ የቀድሞ ኃላፊ ጆሴፍ ናቺዮ በጠበቃው በኩል በ2006 እንዳስታወቀው፣ የደንበኞች የስልክ ጥሪ መዝገብ ሲጠየቅ ማዘዣ ወይም ሌላ ሕጋዊ ትእዛዝ እንዳለ ጠይቆ፣ ጠያቂዎቹ በዚያ መንገድ ለመሄድ ፈቃደኛ አለመሆናቸውን ሲረዳ ጥያቄውን ሳይቀበል ቀረ። ናቺዮ ከዚህ በኋላ በአክሲዮን ሽያጭ ወንጀል ተፈርዶበታልና በቃሉ ላይ ጥርጣሬ ያላቸው ሰዎች አሉ። ቢሆንም የጠየቀው ጥያቄ ሕጉ ከማንኛውም ኩባንያ የሚጠብቀው ነው።

ሕዝብ ነገሩን ያወቀው ኒው ዮርክ ታይምስ ዲሴምበር 16 ቀን 2005 ባወጣው ዘገባ ነው፤ ጋዜጣው ዘገባውን ከአንድ ዓመት በላይ ይዞት ቆይቷል። ቡሽ በማግስቱ ፕሮግራሙ መኖሩን አምኖ፣ ዒላማው ከአልቃይዳ ጋር ግንኙነት ያላቸው ሰዎች የሚያደርጉት ዓለም አቀፍ ግንኙነት ብቻ እንደሆነ ተናገረ። ይህ አባባል ምን ያህል እውነት እንደሆነ እንድንጠይቅ ያስገደደን ማርክ ክላይን የተባለ ጡረታ የወጣ የቴሌኮም ኩባንያው የኤቲ ኤንድ ቲ ቴክኒሻን ነው። ክላይን በሳን ፍራንሲስኮ ፎልሰም ጎዳና፣ ቁጥር 611 በሆነው የኩባንያው ሕንፃ ውስጥ ሲሠራ ያያቸውን ነገሮችና ያስቀመጣቸውን የቴክኒክ ሰነዶች ይዞ በጃንዋሪ 2006 በኢንተርኔት ዓለም ለዜጎች መብት ወደሚሟገተው ድርጅት፣ ወደ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ጠበቆች ሄደ።

የሰነዶቹ ይዘት ለማንም ሰው የሚገባ ነው። የኢንተርኔት መረጃ በፋይበር ኦፕቲክ መስመር የሚጓዘው በብርሃን መልክ ነው። በሕንፃው ሰባተኛ ፎቅ ላይ ይህን ብርሃን ከሁለት የሚከፍሉ መሣሪያዎች ተተክለው ነበር፤ አንደኛው ጅረት እንደ ወትሮው መንገዱን ሲቀጥል፣ ተመሳሳይ ቅጂ የያዘው ሁለተኛው ጅረት ስድስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው 641ኤ ወደተባለ ክፍል ይወርዳል። ወደዚያ ክፍል መግባት የሚችለው የብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ የመረጠው ሠራተኛ ብቻ ነበር፤ ክላይን ራሱ መስመሮቹን እያያያዘ ወደ ክፍሉ መግባት ግን አይፈቀድለትም። እንግዲህ ብርሃን የሚከፍል መሣሪያ የተጠርጣሪውን ደብዳቤ ከጎረቤቱ ደብዳቤ አይለይም፤ በመስመሩ ያለፈውን ሁሉ ይገለብጣል። መምረጥ ካለ የሚመረጠው ከተገለበጠ በኋላ፣ በተዘጋው ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ የክላይን ምስክርነት እውነት ከሆነ ጠለፋው የተጀመረው ማንም ሰው ከመጠርጠሩ በፊት ነበር ማለት ነው። ክላይን በ2025 አርፏል፤ በግሌ ለዚህ ሰው ትልቅ አክብሮት አለኝ።

የኤቲ ኤንድ ቲ ደንበኞች ጃንዋሪ 31 ቀን 2006 ክስ መሠረቱ። መንግሥት የክሱ ጉዳይ የመንግሥት ምስጢር ስለሆነ ይዘጋልኝ ብሎ በመሐል ገባ። በሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት የተሾሙት ዳኛ ቮን ዎከር በዚያው ዓመት ጁላይ 20 ጥያቄውን ውድቅ አደረጉት፤ መንግሥትም ኩባንያውም በአደባባይ ብዙ ስለተናገሩ የክሱ ፍሬ ነገር ምስጢር ነው ሊባል አይችልም አሉ፤ በኩባንያው ቦታ ያለ ምክንያታዊ ድርጅት ከሳሾቹ የሚሉትን ዓይነት የጅምላ ጠለፋ ሕጋዊ ነው ብሎ ያምን ነበር ለማለት እንደማይቻልም ጨምረው ጻፉ። በሌሎች ኩባንያዎች ላይ የቀረቡ በደርዘን የሚቆጠሩ ክሶችም እኚሁ ዳኛ ዘንድ ተሰበሰቡ። ያለመከሰሱ ዘመቻ የተጠናከረው ከዚህ ውሳኔ በኋላ መሆኑ ድንገት የሆነ አይመስለኝም። ክሱ ደካማ ቢሆን ኖሮ ኮንግረስን ማስቸገር ባላስፈለገ ነበር።

በኦገስት 2007 ኮንግረስ ለስድስት ወር የሚቆይ ጊዜያዊ ሕግ አወጣ፤ ይህ ሕግ ኩባንያዎችን የሚጠብቀው ለወደፊቱ ብቻ ስለነበር ዋይት ሀውስ ያለፈውም እንዲጠቃለል አጥብቆ ጠየቀ። የብሔራዊ ስለላ ዳይሬክተሩ ማይክ ማኮኔል በዚያው ወር ለአንድ የቴክሳስ ጋዜጣ በሰጠው ቃለ ምልልስ ክሶቹ በተጠየቀው ልክ ቢፈረዱ ኩባንያዎቹ ይከስራሉ አለ፤ በፍርድ ቤት ምስጢር ነው የሚባለውን የኩባንያዎች ተባባሪነት በዚያው ቃለ ምልልስ አረጋገጠ። በዲሴምበር 17 ሴናተር ክሪስ ዶድ ለፕሬዚዳንትነት የሚያደርገውን ቅስቀሳ ትቶ ወደ ሴኔቱ በመመለስ ለሰዓታት ቆሞ ሕጉን ተከራከረ፤ የብዙኃኑ መሪ ሃሪ ሪድም ረቂቁን ለጊዜው አነሣው። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2008 ግን ዶድና ረስ ፋይንጎልድ ያለመከሰሱን ክፍል ለመሰረዝ ያቀረቡት ማሻሻያ 31 ለ67 ወደቀ።

በዚያው ቀን የወደቀ ሌላ ሐሳብ አለ፤ ለእኔ ከሁሉ ይልቅ የሚናገረው እሱ ነው። ሪፐብሊካኑ አርለን ስፔክተርና ዴሞክራቱ ሼልደን ዋይትሀውስ ኩባንያዎቹ ከክሱ ወጥተው መንግሥት በቦታቸው ተከሳሽ ይሁን የሚል ማሻሻያ አቅርበው ነበር። በዚህ አካሄድ ኩባንያዎቹ አንድ ሳንቲም አይከፍሉም፤ በቅንነት አገራቸውን ረድተው ከሆነም በደል አይደርስባቸውም፤ ዳኛው ግን ስለ ሕጋዊነቱ ይፈርዳል። የኩባንያዎቹ ኪሳራ እውነተኛው ስጋት ቢሆን ኖሮ ይህ ሐሳብ ሁሉንም ባስማማ ነበር። ሴኔቱ በሰፊ የድምፅ ልዩነት ጣለው።

የተወካዮች ምክር ቤት ለጥቂት ወራት የተሻለ አቋም አሳየ። የፕሬዚዳንቱ ማስጠንቀቂያ እየተደጋገመ ጊዜያዊው ሕግ በፌብሩዋሪ አጋማሽ እንዲያበቃ ተወው። የ1978ቱ ሕግ እንደጸና ስለነበረና በጊዜያዊው ሕግ የተሰጡ ፈቃዶችም እስከ አንድ ዓመት ድረስ ስለሚያገለግሉ ስለላው አልቆመም። ምክር ቤቱ ማርች 13 ዝግ ስብሰባ አድርጎ በማግስቱ 213 ለ197 ባጸደቀው ረቂቅ ክሶቹ እንዲቀጥሉ፣ ኩባንያዎቹም ምስጢራዊ ሰነዶቻቸውን ለዳኛው ለብቻው በዝግ እንዲያሳዩ ፈቀደ። «ኩባንያዎቹ ንጹሕ ቢሆኑም ምስጢር ስለሆነ ራሳቸውን መከላከል አይችሉም» ለሚለው ክርክር ከዚህ የተሻለ መልስ አላየሁም።

ይህ አቋም እስከ ጁን ድረስ ብቻ ቆየ። የዴሞክራቶች መሪ ስቴኒ ሆየር ከሴናተር ኪት ቦንድና ከሴናተር ጄይ ሮክፌለር ጋር የደረሰው ስምምነት ጁን 20 ቀን 293 ለ129 አለፈ፤ 105 ዴሞክራቶች ደገፉት። ባራክ ኦባማ በ2007 በቃል አቀባዩ በኩል ወደኋላ የሚሠራ ከለላ የያዘን ማንኛውንም ረቂቅ በሴኔት ክርክር የማገድ ጥረት እንደሚደግፍ አስታውቆ ነበር። በጁላይ 2008 ግን፣ የዴሞክራቶች እጩነት በእጁ ከገባ በኋላ፣ ከለላውን ለመሰረዝ የቀረበውን ማሻሻያ ደግፎ ማሻሻያው ሲወድቅ ሙሉውን ሕግ ደገፈ። ሂላሪ ክሊንተን ተቃወመች። በሺህ የሚቆጠሩ የኦባማ ደጋፊዎች በራሱ የቅስቀሳ ድረ ገጽ ላይ ተሰባስበው ለምነውት ነበር፤ ልመናቸው የሕግ እውቀት ያለበት፣ በጨዋነት የተጻፈ ነበር።

ለሕጉ የተሟገቱ ሰዎችን ሐሳብ እንደ ተራ ሰበብ አላየውም። በ2001 መጸው ወራት ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር፤ መንግሥት ሕጋዊ ነው ብሎ የጻፈለትን ጥያቄ የተቀበለ ኩባንያ እንደ ወንጀለኛ መታየት የለበትም የሚለውም ክብደት አለው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢሆን እኔም እቀበለው ነበር። ነገር ግን ፕሮግራሙ ከአምስት ዓመት በላይ ቆይቷል፤ የአስቸኳይ ጊዜ ሰበብ ይህን ያህል አይዘልቅም። ደግሞም የቅንነት መከላከያ አስቀድሞ በሕጉ ውስጥ አለ። ትክክለኛውን ወረቀት የያዘ ኩባንያ ለዳኛው አሳይቶ በነጻ ይሄዳል። አዲስ ከለላ የሚያስፈልገው ትክክለኛው ወረቀት በእጁ ላልነበረ ነው።

የሕጉ አጻጻፍም ይህንኑ ያሳያል። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ኩባንያው ሥራው በፕሬዚዳንቱ የተፈቀደና ሕጋዊ መሆኑ የተወሰነ እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ደርሶታል ብሎ ካረጋገጠ ክሱ ወዲያው ይዘጋል። ሕጋዊ ነው ብሎ የወሰነው ማን እንደሆነ አንቀጹ አይናገርም። ያቺ የፕሬዚዳንቱን የሕግ አማካሪ የጠቀሰች ደብዳቤ የምታልፍበት ክፍተት እዚህ ላይ አለ። ዳኛው የሚመረምረው ደብዳቤው መኖሩን እንጂ ደብዳቤው እውነት መናገሩን አይደለም። ዎከር ጁን 3 ቀን 2009 ክሶቹን ዘጉ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2011 አጸና፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2012 ጉዳዩን አላይም አለ። ለፍትሐዊነት ሲባል የሕጉን አንድ መልካም ጎን ልጥቀስ፤ የአምስት መሥሪያ ቤቶች ዋና ኢንስፔክተሮች ፕሮግራሙን መርምረው እንዲጽፉ አዘዘ። በጁላይ 2009 የወጣው ይፋ ሪፖርት ብዙዎቹ ባለሥልጣናት ፕሮግራሙ በቀጥታ ያስገኘውን ውጤት በምሳሌ ለማሳየት እንደተቸገሩ መዝግቧል። ሪፖርት ግን ፍርድ አይደለም።

መንግሥትን ራሱን ክሰሱ የተባሉትም ሞክረዋል። በአንዱ ክስ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መንግሥት ራሱ ካልፈቀደ በስተቀር በገንዘብ ካሣ አይከሰስም አለ። በሌላው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፌብሩዋሪ 2013 በ5 ለ4 ድምፅ ከሳሾቹ መጠለፋቸውን ስላላረጋገጡ የመክሰስ መብት የላቸውም ብሎ ወሰነ፤ የብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲን የጅምላ ስለላ ያጋለጡት የኤድዋርድ ስኖውደን ሰነዶች መውጣት የጀመሩት ከዚያ ከአራት ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ነው። በ2008 መንግሥትን በመቃወም የተመሠረተው የኤቲ ኤንድ ቲ ደንበኞች ሌላ ክስ ደግሞ 14 ዓመት ገደማ ተጉዞ በ2022 ፍሬ ነገሩ ሳይታይ አበቃ። መጠለፉን የሚያውቀው መንግሥትና ኩባንያው ብቻ ነው፤ መንግሥት ምስጢር ነው ይላል፣ ኩባንያው አይከሰስም፣ የተጠለፈው ሰው ደግሞ ማስረጃ አምጣ ይባላል።

ያለመከሰሱ መብት ያለፈውን ብቻ የሸፈነም አይደለም። ያው የ2008 ሕግ አንቀጽ 702 በተባለው ክፍሉ የመንግሥትን መመሪያ ተቀብሎ የሚተባበር አገልግሎት ሰጪ ለወደፊቱም በየትኛውም ፍርድ ቤት እንዳይከሰስ ደነገገ። ይህ ክፍል በ2018 እንደገና ጸደቀ፤ በኤፕሪል 2024 ደግሞ ለሁለት ዓመት ተራዘመ። በተወካዮች ምክር ቤት የአሜሪካውያንን መልእክት ለመፈለግ ማዘዣ ያስፈልግ የሚለው ማሻሻያ 212 ለ212 እኩል ድምፅ አግኝቶ ወደቀ። በዚያው ሕግ «አገልግሎት ሰጪ» የሚለው ትርጉም ሰፍቶ፣ ከጥቂት በስም ከተጠቀሱ ተቋማት በስተቀር፣ መልእክት የሚተላለፍበትን ወይም የሚቀመጥበትን መሣሪያ ማግኘት የሚችል ሌላ አገልግሎት ሰጪም እንዲገባበት ተደረገ። ስለዚህ መመሪያው የሰርቨር ማስቀመጫ ቦታ ለሚያከራይ አነስተኛ ድርጅትም ሊደርስ ይችላል፤ ከለላውም አብሮት ይሄዳል። በ2004 ያን ደብዳቤ የተቀበሉት ኩባንያዎች ፈራሚው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የሕግ ክፍል ነበራቸው፤ ከእነዚህ አዲሶቹ ብዙዎቹ ግን አንድ ቋሚ ጠበቃ እንኳ የላቸውም።